ሉማሜ ላይ ያየሁት የነዳጅ ፈላጊዎች ፊልም

ባለፈው ሉማሜ ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ በቴሌቪዥን የድሮ የፈረንጅ ፊልም አያለሁ። ሁለት ጓደኛሞች ነዳጅ ፍለጋ አብረው ሲቆፍሩ ይኖሩና፣ ሲገኝ አንደኛው «ብቻዬን ነኝ ያገኘሁት» ብሎ ጓደኛውን ይክደዋል። ደሜ ፈላ። «ወይ ከሃዲ! እንዲህ ያለውን ሰው መሬት እንዴት ትሸከመዋለች?» ብዬ ጮህሁ። ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ከኋላዬ ግን አንድ ሰው ቀስ ብሎ «የአምበሩን ጉድጓድ ረሳኸው እንዴ?» አለኝ።

ዞር ስል ይሁኔ ነው፤ የውኃ ጉድጓድ አብረን ስንቆፍር የኖርን ባልንጀራዬ። አምበር ላይ አለቱን ፈልጦ ውኃውን ያወጣው እሱ ነበር። ደክሞት ራሱን ስቶ ተሸክመው ሲወስዱት፣ እኔ ለተሰበሰበው ሰው «እኔ ነኝ ያወጣሁት» አልሁና የሽማግሌዎቹን ምርቃት ብቻዬን ተቀበልሁ። ከዚያ ወዲህ አገሩ ለሥራ የሚጠራው እኔን ብቻ ሆነ።

ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ «ይቅር በለኝ» አልሁት። አጠገባችን የተቀመጠ የአምበር ሰው ሰማኝና «ምን በድሎህ ነው?» ብሎ ይሁኔን ጠየቀው። ይሁኔ ዐይን ዐይኔን አየኝ፤ እንድናገር ጠበቀኝ። እኔ አቀረቀርሁ።

«ኧረ ምንም፣ የልጅነት ነገር ነው» አለው ይሁኔ።