የሹርድን አስከሬን ማን ይሸከም?

በጥቅምት መጨረሻ በከተማችን በሆልቪካ የብረታ ብረት ሱቅ የበር መቀርቀሪያ አለቀ። የከተማችን ሰው ከዚያ በፊት በሩን መቆለፍ አያውቅም ነበር። ዓሣ ሊያጠምድ ለሁለት ቀን ሲወጣ እንኳ ቁልፉን በሩ ላይ እንደሰካው ይሄዳል፤ ምነው ቢሉት፣ “ጎረቤት ስኳር ቢያልቅበትስ?” ይላል። አሁን ግን ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ግርጌ ያለው ቤት ሁሉ በጠራራ ቀን ተቀርቅሮ ይውላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ቀደም ብሎ፣ ረቡዕ ቀትር ላይ፣ ሹርድ የሚባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ቢላዋ ይዞ ወደ ምግብ መደብራችን ገባ። ሒሳብ ተቀባይዋን ቦርጊልድንና ወተት ሊገዛ ተራ የያዘውን ፖስተኛ አስቢዮርንን ገደለ፤ አንዲት ልጅም አቆሰለ። ከማናቸውም ጋር ጠብ አልነበረውም። ምንም አልተናገረም፣ ምንም አልወሰደም። ፖሊስ ደጃፉ ላይ ተኩሶ ጣለው። ምክንያት ቢገኝ ኖሮ ሰው ያንን ምክንያት ለይቶ ይጠላ ነበር፤ ምክንያት ሲጠፋ ግን ሁሉን ነገር መፍራት መጣ። ግብረ አበር አለው ተባለ። ከጀልባ ቤቶቹ ጀርባ ያልታወቀ ሰው ታየ ተባለ። ልጆች ከትምህርት ቤት ቀሩ። እኔ በዚያች ከተማ ሠላሳ ዓመት ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ሹርድንም ፊደል ያስቆጠርሁት እኔው ነኝ። ይህን ያህል ተምሬና አስተምሬ፣ መቀርቀሪያው ባለቀበት ዕለት ጠዋት እንደ ማንም ሰው መቀርቀሪያ ፍለጋ ወጥቼ ነበር።

የቀሩትን ሁለቱን ጋሽ ቶርላይፍ ቀድመውኝ ገዝተዋቸው አገኘሁ። ጋሽ ቶርላይፍ የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ፣ በሙያቸው ጀልባ ሠሪ ናቸው። የተገደለችው ቦርጊልድ ታናሽ እኅታቸው ናት። በሆልቪካ ሰው ሲሞት አስከሬኑን ከቤተ ክርስቲያን እስከ መቃብር የሚያደርሱትን ስድስት ተሸካሚዎች መርጦ የሚያቆም አንድ ሰው አለ። ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ደንብ ነው፤ በዚያ ዘመን ደንቡ በእሳቸው እጅ ነበር።

እግዜር ያጽናዎት ብያቸው ገና ሳልጨርስ ሱኒቫ ገባች። በሹርድ ቢላዋ የቆሰለችው ልጅ እሷ ናት። የነርስነት ትምህርት ጀምራ ነበር፤ ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ሁለቱ ጣቶቿም ከእንግዲህ እንደማይታዘዙ ሐኪም ነግሯታል። ሁለታችንንም ጎንበስ ብላ ሰላም አለችና ፊቷን ወደ ሽማግሌው አዞረች።

“ጋሽ ቶርላይፍ፣ እርስዎን ፍለጋ ነው የመጣሁት። ሰኞ ሹርድ ይቀበራል። ተሸካሚ የለውም።”

ባለ ሱቁ ምስማር መቁጠሩን አቆመ።

“በመኪና ይውሰዱት” አሉ ጋሽ ቶርላይፍ።

“መኪና እኮ ከታችኛው የመቃብር በር አያልፍም። ከዚያ ወዲያ ያለው ደረጃ ነው።”

“እንግዲያው እዚያው በሩ ላይ ይቅር።”

መቀርቀሪያቸውን በብብታቸው ይዘው ወጡ፤ ልጅቱም ተከተለቻቸው። እኔም የማልሸሸው ነገር መሆኑ ገብቶኝ ከኋላ ሄድሁ። ዝናቡ ያካፋል። የወደቡ መንገድ ጭር ብሏል። ሽማግሌው አሥር እርምጃ በሄዱ ቁጥር ዞር ብለው ያያሉ። እኔም አያለሁ። እንዲያ ሆነን ነበር፤ የገዛ ኮቴአችን ያስደነግጠን ነበር።

ጋሽ ቶርላይፍ እየሄዱ የተናገሩት ብዙ ነው። እኅታቸውን ከቀበሩ ገና አራት ቀናቸው መሆኑን፣ እሷን በተሸከሙበት ትከሻ ገዳይዋን የሚሸከም ሰው ምረጡ መባላቸው ስድብ መሆኑን፣ ከመቃብሯ ሃያ ክንድ ርቆ እንዲተኛ መፈቀዱም ያስቆጣቸው መሆኑን ነገሩን። በኋላ ቆም ብለው፣

“ዛሬ እሱን በወግ ብንቀብር፣ ነገ ሌላው ምን ይማራል? ገድዬም እከበራለሁ አይልም?” አሏት።

“እኔ ያን ቀን ዓይኑን አይቼዋለሁ” አለች ሱኒቫ። “ከእርስዎ እስከ እኔ ባለው ርቀት ያህል ነበር የቆመው። ስለ ቀብሩ የሚያስብ ሰው ዓይን አልነበረም፤ ከውስጡ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ጋሼ፣ እኔ ለሹርድ ብዬ አይደለም የምለምንዎ። ለእትዬ ጉድቬግ ነው።”

ጉድቬግ የሹርድ እናት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ዓሣ በሚታሸግበት ቤት እየሠራች አንድ ልጇን ይዛ የኖረች ሴት ናት።

“ያሳደገችው እሷ አይደለችም እንዴ?”

“ናት። መምህርም አስተምረውታል። እርስዎም መቅዘፍ አሳይተውታል። እኔም በየልደቱ ኬክ በልቻለሁ። ታዲያ ከመሀላችን ማንን እንቅጣ?”

ይህን ስትል አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌው ግን ቁጣቸው ነደደ።

“አንቺ ሁለት ዓመት ተማርሽና ለሁሉ መድኃኒት አገኘሽ” አሉ። “ለጣቶችሽስ?”

ተናግረው ሳይጨርሱ እንደተጸጸቱ ፊታቸው ላይ አየሁ። እሷ እጇን ተመለከተችው እንጂ አልተቆጣችም።

“ለጣቶቼ አላገኘሁም። ለፍርሃቴም አላገኘሁም። ዛሬ እዚያ ሱቅ ከመግባቴ በፊት ሦስት ጊዜ ከደጁ ተመልሻለሁ። ግን ትናንት እትዬ ጉድቬግ በር ላይ የዓሣ አንጀት የደፋው ማን ነው? የጀልባ ቤቱ እንግዳ ሰው አይደለም፤ ከኛው አንዱ ነው። ለዚህኛው መቀርቀሪያ አይሠራለትም ጋሼ፣ አብሮን ከውስጥ ነው ያለው።”

አንባቢ ሆይ፣ ፍርሃት ክፉ አማካሪ መሆኑን ከመጻሕፍት አንብቤ ለልጆች አስተምሬአለሁ። እውነቱን የተረዳሁት ግን ያን ዕለት ነው። የዓሣ አንጀቱን ማን እንደደፋው አውቅ ነበርና። ደግ ሰው ነው፤ ልጆቹን እንወድለታለን። ያደረገውን ያስደረገው ክፋት ሳይሆን ስጋት ነው።

ከጋሽ ቶርላይፍ ቤት ደረስን። ሰው በዝናብ ውስጥ ማቆም ነውር ነውና ግቡ አሉን፤ በሩን ግን በሦስት ቦታ ቀረቀሩት። የማዕድ ቤታቸው መስኮት የጉድቬግን ቤት ፊት ለፊት ያሳያል። ሱኒቫ ሻዩን እንደያዘች ወደዚያ ስታይ ቆየች።

“ጭስ የለም” አለች። “ከመቼ ወዲህ ነው?”

ሽማግሌው ወደ ዘመዶቿ ሳትሄድ አልቀረችም አሉ። እኔ ግን ቄሱ ከሦስት ቀን በፊት አንኳኩተው ከበሩ ጀርባ የሰው ትንፋሽ መስማታቸውን፣ በሩ ግን እንዳልተከፈተ አጫውተውኝ ስለነበር ያንን ነገርኋቸው። ተራራው አናት ላይ በረዶ ወርዷል። ሦስታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ሞታ ብናገኛትስ?

“እኔ ማየት አልፈልግም” አሉ ጋሽ ቶርላይፍ በመጨረሻ። ድምፃቸው አንሶ ነበር።

“እኔም አልፈልግም” አለች። “ግን በአንድ እጄ በር መግፋት አልችልም።”

ባርኔጣቸውን አነሡ። “እስከ አጥሩ ድረስ ነው” አሉ።

ከአጥሩ ግን አልቆሙም። የቤቱ መጋረጃ ሁሉ ተዘግቷል፤ ደጃፉ ላይ ያ የተደፋው ነገር ይሸታል። ሱኒቫ አንኳኳች። ደግማ አንኳኳች። ከውስጥ ከባድ ነገር ወለል ላይ ሲጎተት ተሰማ። ጋሽ ቶርላይፍ ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ። እነሆ ግብረ አበሩ፣ እነሆ ያ የሚወራለት ሰው እያልሁ አሰብሁ። ሽማግሌው፣ “ማነው እዚያ? ቶርላይፍ ነኝ” አሉ።

የሚጎተተው ነገር ድምፅ ቆመ። ቆየት ብሎ የሴት ድምፅ ከበሩ ጀርባ መጣ።

“ቶርላይፍ፣ እንደምትመጣ አውቄ ነበር። በሩን አትስበረው፤ ራሴ እወጣለሁ። ቤቱን ብቻ አታቃጥሉት፤ የጎረቤት ቤት ይያያዛል።”

ጠረጴዛው ከበሩ ተነሣ፣ በሩም ተከፈተ። ጉድቬግ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚሷን ለብሳ፣ ጠጉሯን አበጥራ ቆማለች። ከንፈሯ ከብርድ የተነሣ ጠቁሯል። በኋላ እንደሰማነው፣ ሰዎች ሊገድሏት በመጡ ቀን ተጎሳቁላ እንዳትገኝ በየማለዳው ተነሥታ ያንን ቀሚስ ትለብስ ነበር። እጆቿን ወደ ጎን ለቀቀችና የሽማግሌውን እጅ አየች፤ ምን ይዘው እንደመጡ ልታይ ነው። ሽማግሌውም የገዛ እጃቸውን አዩት። ባዶ ነበር።

ጋሽ ቶርላይፍ ደረጃው ላይ ዘፍ ብለው ተቀመጡ።

“እኔን ነው የምትፈሪው?” አሉ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያችን ቤት በመስኮት እያዩ ሲፈሩ የኖሩ ሰው፣ ያቺ ቤት እሳቸውን ስትፈራ መኖሯ በፍጹም አልታሰባቸውም ነበር።

ሱኒቫ ካፖርቷን አውልቃ ለጉድቬግ ደረበችላት። ጉድቬግ የታሰረውን እጅ ባየች ጊዜ ወደ ኋላ ሸሸች፤ ልጅቱ ግን በደኅናው እጇ ያዘቻትና አብረው ሽማግሌው አጠገብ ተቀመጡ። ያን ጊዜ ጋሽ ቶርላይፍ ለማንም ያልተናገሩትን ተናገሩ።

“ከዚያ ረቡዕ በፊት ባለው እሑድ፣ ሹርድ ወደቡ ላይ ብቻውን ሲጮኽ አይቼዋለሁ። ሲያየኝ ወደኔ መጣ። ፈርቼ ገባሁና በሬን ዘጋሁ። አንኳኳ። አልከፈትሁለትም።”

“እኔም ፈርቼው ነበር” አለች ጉድቬግ። “የወለድሁትን ልጅ። ሐኪም ዘንድ አራት ጊዜ ደወልሁ፤ ተራው በጸደይ ነው አሉኝ። ለናንተ እንዳልነግር ደግሞ አፈርሁ።”

ሽማግሌው ወደ ሱኒቫ ዞሩ። “ብከፍትለት ኖሮ ቦርጊልድ ዛሬ በሕይወት ትኖር ነበር?”

“አላውቅም ጋሼ። የሚያውቅ ሰውም የለም፤ አውቃለሁ ካልሁ ዋሽቼዎታለሁ። ግን መዝጋቱ እንዳላዳናት እናውቃለን። ይኸኛው በር ደግሞ አሁን ተከፍቷል።”

ዝናቡ በረታ። ጋሽ ቶርላይፍ ፊታቸውን በእጅጌአቸው ጠረጉና፣ “ማገዶ የለሽም?” ብለው ጠየቋት። ማገዶ ሞልቷል፣ እሳት ያላነደደችው ጭሱን አይተው ሰዎች እንዳይመጡባት ነው። ይህን ስትነግራቸው ተነሡ። ገብተው ከምድጃው ፊት ተንበረከኩ፣ እንጨቱን በሰንጢአቸው ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርገው ለኮሱት። ውኃ ሲፈላ ዞር ሳይሉ፣ “ሰኞ በስንት ሰዓት ነው?” አሉ።

ተሸካሚ ማግኘት ግን ቀላል አልሆነም። አምስት ሰዎች እንቢ አሏቸው፤ አንዱ በሩን ሳይከፍት በመስኮት ነው የመለሰላቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም፤ ትናንት የኔም መልስ ይኸው ነበር እያሉ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋሉ። ሰኞ ሲደርስ ስድስት ሆነን ቆምን፦ እሳቸው፣ ቄሱ፣ የመሻገሪያው ጀልባ ነጂ፣ ባለ ሱቁ፣ እኔ፣ ሱኒቫም በግራ እጇ። ዳገቱን ስንወጣ ከየመጋረጃው ጀርባ ሰው እንደሚያየን እናውቅ ነበር። ድንጋይ ይወረወርብናል ብዬ አንገቴን አሳጥሬ ነው የሄድሁት። አንድ ቦታ ላይ የጋሽ ቶርላይፍ እግር ከዳቸውና ሣጥኑ ዘነበለ፤ ጉድቬግ ከኋላ መጥታ ትከሻዋን አገባች። እንዲያ ሆነን አደረስነው። ድንጋይ አልመጣም። የተገደለው ፖስተኛ የአስቢዮርን ሚስት ወይዘሮ ኡላውግ ከታችኛው በር ላይ ቆማ አየችንና ሳትገባ ተመለሰች።

ፍርሃቱ ያን ቀን ጠፋ ብል ዋሾ እሆናለሁ። ዛሬም በር ሲወረወር የምንደነግጥ አለን። ነገር ግን ልጆች በሳምንቱ ትምህርት ቤት ተመለሱ። ስለ ግብረ አበሩ የሚወራው ወሬም፣ ሰዎች በየቤቱ ገብተው እርስ በርስ መጠያየቅ ሲጀምሩ የሚያዳምጠው አጣ። ጋሽ ቶርላይፍ ሁለት ቀን ያልታየ ሰው ካለ ደጁን የሚያንኳኩ ጎረቤቶችን በየሰፈሩ መደቡ። የከተማው ሰው ተፈራርሞ አመለከተና፣ አእምሮው የታወከበትን ሰው ጸደይ ሳይጠብቅ የሚያይ ሐኪም በሳምንት ሁለት ቀን ይመጣልን ጀመር። በመጀመሪያው ወር አሥራ አንድ ሰዎች ሄዱ፤ ከነሱ አንዱ የዓሣ አንጀቱን የደፋው ሰውዬ ነው። እንግዲህ ርኅራኄ የዋሆች ብቻ የሚሠሩት የሚመስለው ሰው ይህን ያስብ። እኛን ከመበላላት ያዳነን ርኅራኄ ነው።

በየካቲት የምግብ መደብሩ ታድሶ ተከፈተ። ጉድቬግ ለአራት ወር ዳቦዋን የምትገዛው በጀልባ ተሻግራ፣ ከማያውቋት ሰዎች ከተማ ነበር። ያን ቀን ሱኒቫ እጇን ይዛ አመጣቻት። ተራው ረጅም ነው። ከፊቷ የቆመችው ዞር ስትል ወይዘሮ ኡላውግ ሆነች። እኔም ከመደርደሪያው አጠገብ ቆሜ አያቸው ነበር።

ወይዘሮ ኡላውግ ትክ ብላ አየቻት።

“እንደምን አደርሽ ልልሽ አልችልም፤ ገና ነኝ” አለቻት። “ግን ለዳቦ ብለሽ ባሕር አትሻገሪ። ከዚሁ ግዢ።”

ከዚያም ቅርጫቷን በእግሯ ገፋ አድርጋ፣ ጉድቬግ የራሷን የምታስቀምጥበት ቦታ ለቀቀችላት።