ለቢሮ የተጠበቁ እጆች

በ፲፱፻፸፱ ዓ.ም. በሚያዝያ መጨረሻ፣ ከላሊበላ በታች ባለችው መንደራችን፣ በአቶ ወልደ ሰንበት ደጃፍ አምስት ሰዎች ነበርን፤ አቶ ወልደ ሰንበት፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረሰው ልጃቸው ፈንታው፣ ሠራተኛውን ከሥራ ፈቱ ለይታ እንድትመዘግብ ከወልድያ የተላከችው ዓለምእሸት፣ ቤቱን ያሳየኋትም እኔ። ደመናው ከጠዋት ጀምሮ ያንዣብባል። አቶ ወልደ ሰንበት ወገባቸው ስለታመመ ማሳው አንድ ጊዜ እንኳ አልታረሰም።

“የልጅዎ ሥራ ምንድን ነው፣ አባባ?” አለች ዓለምእሸት።

“የቢሮ ሠራተኛ ብለሽ ጻፊ።”

“የትኛው ቢሮ?”

“እሱን ገና አልነገሩንም።”

ወይዘሮ ደብሪቱ ሳቃቸው አመለጣቸው። “መንገድ መንገዱን ሲያይ ሦስት ዓመቱ! ይህ ሥራ ከሆነ ደመወዙን የት አደረሰው?”

“አንቺ ዝም በይ!”

ፈንታው ብድግ አለ። “አባባ፣ ነገ ልረስ። ዝናቡ ሊቀድመን ነው።”

“ተቀመጥ! እርፍ ከጨበጥህ እጅህ ይሻክራል። የቢሮው ጥሪ ሲመጣ በዚያ እጅ ብዕር ልትይዝ ነው? እስቲ ልጄ፣ እጅሽን አሳዪው። የቢሮ ሰው እጅ ምን እንደሚመስል ይየው።”

ዓለምእሸት ጥቂት አመነታችና መዳፏን ዘረጋች። አዛውንቱ ጎንበስ ብለው በጣታቸው ነካ አደረጉት። እንደ ራሳቸው መዳፍ የጠጠረ ነበር።

“ይኼ ምንድን ነው?”

“የዶማ ነው፣ አባባ። ምዝገባው የአንድ ወር ሥራ ነው። ሲያልቅ ወደ ሽንኩርት እርሻዬ እመለሳለሁ።”

“ዶማው ብዕሩን አያስጥልሽም?”

“እያዩኝ አይደል?”

“ታዲያ ትምህርቱ ለምን ሆነ? ላሜን ሸጬ ያስተማርሁት እንደ እኔ አፈር እንዲገፋ ነው?”

“ከጋሸና እስከዚህ በመዘገብሁት አገር፣ በወንበር ተቀምጦ የሚሠራው ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይበቃዋል። መምህሩ፣ የጤና ረዳቱ፣ ጸሐፊው፤ እነሱም የሚበሉት ከማሳ ነው። ፈንታው በተማረው ማዳበሪያ መመጠን፣ ውሃ ጠልፎ በበጋም ማምረት ይችላል። ጥሪው ከመጣ ይሂድ፤ እርሻው አያስቀረውም። ዛሬ እውነቱን ልጻፍ ካልሁ ግን፣ ሥራ ፈት ነው።”

እኔም እንደ ፈንታው ያለ ልጅ በየቤቱ እንዳለ አውቃለሁ። ወንበር ያላገኘ ትምህርት ሁሉ እንደ ባከነ ከቆጠርን፣ ወንበሩ ጥቂት ነውና፣ የተማሩ ልጆቻችንን ደጃፍ ላይ እናስረጃቸዋለን።

አቶ ወልደ ሰንበት ቀና ብለው ደመናውን አዩ።

“ገበሬ ብለሽ ጻፊው” አሉ።

“ገና አላረሰማ።”

“ነገ ያርሳል አልሁሽ!”

“እንግዲያው ነገ ተመልሼ እጽፈዋለሁ።”

በማግስቱ ፈንታው በሬዎቹን ጠመደ። ትልሙ ሲጠምምበት አባቱ ከዳር ሆነው እየጮኹ አቃኑት፤ ማታ መዳፉ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ዓለምእሸት ተመልሳ ገበሬ ብላ ጻፈችው። ማሳውም ደጋግሞ ታርሶ ለዘር ደረሰ። የቢሮው ጥሪ እስከ ዛሬ አልመጣም።