ለታናሹ የተሰጠ ጠመንጃ

(የእህታቸው ሠርግ ዋዜማ፣ ሳንጃ ከተማ፣ የዘውዱ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ቤት። ዘውዱ ባዶውን የአባታቸውን ጠመንጃ ሞርሳ ላይ አስሮ፣ ርግጫውን የሚቀንስ ባለ ቀዳዳ ብረት አፈሙዙ ላይ ገጥሞ ጨርሷል፤ ታናሽ ወንድሙ ማረው ጎንበስ ብሎ ያያል።)

ማረው፦ ጋሼ፣ ቀዳዳዎቹ ወደ ላይ አይደል መሆን ያለባቸው? ወደ መሬት ዞረዋል እኮ።

ዘውዱ፦ ሥራዬን ልታስተምረኝ ነው?

ማረው፦ ኧረ እኔ ምን አውቄ! ዓይኔ አይቶ ነው።

ዘውዱ፦ ዓይንህማ መች ያርፋል! ጠመንጃውንም አይተህ አይተህ ነው የወሰድከው።

ማረው፦ አልወሰድኩም፤ አባዬ ነው የሰጠኝ።

ዘውዱ፦ ታላቅ እያለ ለታናሽ ሲሰጥ የት አይተሃል? ነገ ሙሽራው ሲመጣ ተኩሰህ የምትቀበለው አንተ፣ እልል የሚባለው ላንተ! አገሩ ደግሞ «ዘውዱ ምን ቢያጠፋ ነው?» እያለ እኔን ያያል።

ማረው፦ ቀንተሃል ማለት ነው።

ዘውዱ፦ አዎ፣ ቀንቻለሁ! አንግተኸው ስታልፍ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። ትከሻዬን መታኝ ብለህ ስታለቅስ ደግሞ ይባስ፣ በእኔ እጅ ታሠራዋለህ!

ማረው፦ እና ሆን ብለህ ነው ያዞርከው?

ዘውዱ፦ ሆን ብዬ ነው! አፈሙዙ ዘሎ እዚያ ሁሉ ሰው ፊት በቂጥህ ይጣልህ!

ማረው፦ ጋሼ፣ ለእኔ የሰጠኝ እኮ መተኮስ ስለማልችል ነው።

ዘውዱ፦ ምን አልክ?

ማረው፦ እኔ ዛፍም አልመታ። አንተ ያለምከውን አትስትም፤ ከጎረቤታችን ከአበጀ ጋር ደግሞ በእርሻው ድንበር ደም ልትቃቡ ደርሳችኋል። «ዘውዱ ይሄን ከያዘ ወይ እስር ቤት እጠይቀዋለሁ፣ ወይ እቀብረዋለሁ» አለኝ።

ዘውዱ፦ አባዬ እንደዚያ አለ?

ማረው፦ እንባው እየወረደ። እንዳልነግርህም አስምሎኛል።

ዘውዱ፦ ይሄን ሁሉ ስሰድብህ ዝም ብለህ ቻልከኝ?

ማረው፦ ምን ላድርግ? መሐላ ነው። ደግሞ ታላቄ ነህ።

ዘውዱ፦ ያንን ቁልፍ አቀብለኝ። ... ይኸው፣ ተቃንቷል። ማረው?

ማረው፦ አቤት፣ ጋሼ።

ዘውዱ፦ አበጀ ለሠርጉ ተጠርቷል?

ማረው፦ ማን ደፍሮ ይጥራው? አንተን ፈርተን ተውነው።

ዘውዱ፦ በል ጠመንጃህን አንግትና ወደ ቤትህ ግባ። እኔ ባዶ እጄን ሄጄ እጠራዋለሁ።