በመተላለፊያው ሴራሚክ ላይ ስለደረሰው ጉዳት

ቃል ሰጪ፦ ልብስ ሰፊዋ፣ የአመልካቹ ሕጋዊ ሚስት
ዕድሜ፦ 43
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴ የብረት በር ያለው ቤት። በሩ የሚከፈተው በመግፋት ሳይሆን ወደ ላይ በማንሳት ነው።
ቀን፦ ሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ የጣቢያው መርማሪ

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ቃል ሰጪ፣ ባለቤቴ ትናንት እሑድ ማምሻውን እዚህ ጣቢያ ቀርቦ «ሚስቴ በምቀኝነት ተነሳስታ የለፋሁበትን ወለል በመዶሻ አወደመችብኝ» ሲል ያቀረበብኝ አቤቱታ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። ሴራሚኩን የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። መዶሻውም ይኸው ጠረጴዛው ላይ በኤግዚቢትነት ተቀምጧል። «በምቀኝነት» የምትለዋን ቃል ግን አልቀበልም። ሰው በሰው ሀብት ይቀናል፣ በሰው መልክ ይቀናል፤ በተንጋደደ ሴራሚክ የቀና ሰው ካለ ቀርቦ ይመስክር።

ባለቤቴ በአንድ የመድን ድርጅት ውስጥ ጉዳት ገማች ነው። አዘቦት ቀን የሰው ቤት ጉዳት ሲገምት ይውላል፤ በዕረፍቱ ቀን ደግሞ የራሱን ቤት ጉዳት ያመርታል። ሰፈሩ «መሐንዲሱ» ይለዋል። እየሳቁበት መሆኑን አያውቅም፤ ማዕረግ መስሎት አንገቱን ያቀናል። የነገሩ ሥር ሟቹ አባቱ ናቸው። እሳቸው አናጢ ነበሩ፤ ቤቱን ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው በእጃቸው ሠርተው ሲያበቁ «በዚህ ቤት የባዕድ እጅ ምስማር እንዳይመታ» ብለው ተናዝዘው አረፉ። ኑዛዜው ለልጃቸው ተላለፈ፤ ሙያው አብሯቸው ተቀበረ።

አማቴ፣ ማለትም የባለቤቴ እናት፣ አብረውን ነው የሚኖሩት። ያንን ኑዛዜ እንደ ሕግ ያስከብራሉ። ባለሙያ እንጥራ ባልኩ ቁጥር «ልጄ እያለ?» ይሉኛል። ልጃቸው አንድ ነገር በጨረሰ ቁጥር ደግሞ ቤተሰቡ ተሰብስቦ «እጅህ ይባረክ» ማለት ግዴታው ነው። የኩሽናው መደርደሪያ ወድቆ ሰሃኑን ሁሉ በፈጀ ዕለት እንኳ፣ ስብርባሪው መሃል ቆመን መርቀነዋል።

እዚህ ላይ፣ ቃሌን በምሰጥበት ሰዓት ከዚህ ክፍል በር ላይ የሚሰማው ኳኳታ የባለቤቴ መሆኑ ይመዝገብልኝ። ስንገባ በሩ ሲጢጥ ሲል ሰምቶ ካቻቪቴውን ከኪሱ አውጥቷል። እንዲከለከል ጠይቄ ነበር። መርማሪው ግን «ተዪው ይሥራ፣ ይህ በር ስንት ዓመት ጆሯችንን ሲበላ ኖሯል» ስላሉ ወደ ነገሬ ተመልሻለሁ።

ፖሊስ ነገሩን እንዲረዳ፣ በመታጠቢያ ቤታችን ላይ ቀደም ሲል የተፈጸመውን ማስረዳት ይኖርብኛል። ባለቤቴ መጀመሪያ «ብርድ ያስገባል» ብሎ መስኮቱን በብሎኬት ደፈነና ጥጉ ላይ ማራገቢያ ገጠመ። ማራገቢያው ሲበራ የሳሎኑ መብራት ይጠፋል። ቀጥሎ «ቦታ ይቆጥባል» ብሎ፣ ወደ ውስጥ ይከፈት የነበረውን በር ገልብጦ ወደ ውጭ፣ ወደ መተላለፊያው እንዲከፈት አደረገው። ከዚያ ሌባ በሩን ነቅሎ እንዳይገባ በማለት በተዋሰው መበየጃ ማጠፊያዎቹን በየዳቸው። «መታጠቢያ ቤት የሚገባው ሌባ ሳሙና ሊሰርቅ ነው?» ብዬ ብጠይቀው «አንቺ ስለ ደህንነት ምን ታውቂያለሽ!» አለኝ። በመጨረሻም ከበሩ ሥር ጉንዳን እንኳ የማያሳልፍ ላስቲክ ቸነከረበት። ሁሉንም መርቀናል።

ትናንት እሑድ ረፋዱ ላይ አማቴ ሊታጠቡና እግራቸውን በሙቅ ውሃ ሊዘፈዝፉ መታጠቢያ ቤት ገቡ። እኔ የፊተኛው ክፍል ውስጥ የስፌት መኪናዬ ላይ ነበርኩ። ባለቤቴ በዚያው ሰዓት መተላለፊያውን ሴራሚክ ማልበስ ጀመረ። አሮጌውን ወለል መንቀል ሲገባው በላዩ ላይ ደረደረበት፤ በዚህም ወለሉ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አለ። ማጣበቂያው ቶሎ የሚደርቀው ዓይነት ነበር። ባለቤቴ በሕይወቱ የጀመረውን ነገር በሰዓቱ የጨረሰው ያን ቀን ብቻ ነው።

ስድስት ሰዓት ሲቃረብ አማቴ ጨርሰው በሩን ሲገፉት ከሴራሚኩ ጠርዝ ጋር ተላተመና ቆመ። «ማነው የያዘብኝ?» ሲሉ ሰማሁ። ባለቤቴም «እማዬ፣ አትግፊው! ሴራሚኩን ትፍቂብኛለሽ!» አላቸው። ሮጬ ስደርስ እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰክቶ ወለሉን በውሃ ልክ ሲለካ አገኘሁት።

«እናትህ ውስጥ ናቸው እኮ!» አልኩት።

«አውቃለሁ። ግን እስከ ነገ መረገጥ የለበትም» አለኝ።

አማቴ የደም ግፊት አለባቸው። መድኃኒታቸውን ልክ በስድስት ሰዓት ካልዋጡ ዓይናቸው ይጨልማል፤ ከዚህ በፊት በዚሁ ምክንያት ወድቀው ሐኪም ቤት ተኝተው ያውቃሉ። ክኒኑን ይዤ መጣሁ። በበሩ ሥር ላሳልፍ ብል ላስቲኩ አለ። በመስኮቱ ብል ብሎኬቱ አለ። በቁልፉ ቀዳዳ ብል ክኒኑ አልገባ አለ። በሩን ልንቀል ብል ማጠፊያው ተበይዷል። የተባረከው እጅ ሲያጠራቅም የኖረው ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ባለቤቴ ያቀረበው መፍትሔ «እማዬ፣ በሩን ወደ ላይ እያነሳሽ ግፊው» የሚል ነበር። በሩ ሙሉ እንጨት ነው፤ እናቱ ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። አንድ ሴራሚክ ንቀል ስለው እጄን ቁረጪ ያልኩት ያህል ጮኸ። የበሩን ግርጌ እንቁረጥ ስለው «ገና ቫርኒሽ የቀባሁት!» አለ። የሰፈሩን አናጢ ልጥራ ስል ደግሞ አማቴ ራሳቸው ከውስጥ ሆነው «የባዕድ እጅ አይነካውም!» ብለው ከለከሉኝ። ባለቤቴ ከዚያ በኋላ «አንድ ዘዴ መጣልኝ» ብሎ ጓሮ ወጥቶ ድሪሉን አስነሳ።

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ የሚሰማ ነገር ጠፋ። ብጣራ መልስ የለም። ደግሜ ስጣራ ከጉድጓድ የሚወጣ በሚመስል ድምፅ «ልጄ፣ ስበሪው» አሉኝ። ባለቤቴ ድሪሉ እየጮኸበት አልሰማም። እኔ ሰምቻለሁ። ከበሩ ፊት ያለውን ረድፍ በመዶሻ ሰባበርኩት፤ በሩም ተከፈተ። አማቴን ደግፌ አውጥቼ ክኒናቸውን አዋጥኳቸው።

ባለቤቴ ሲመለስ ዓይኑን ከወለሉ ላይ አላነሳም፤ እናቱን አላያቸውም። ቁጢጥ ብሎ አንዱን ስባሪ አንስቶ «አጨራረሱን እንኳ ሰው ሳያየው!» አለ። ከዚያ «እማዬ፣ ስበሪ ብለሻታል?» ብሎ ጠየቃቸው። አማቴ እሱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፤ ከዚያም «እኔ እንጃ፣ ውሃው ይፈስ ነበር፣ ምን እንዳልኩ አላውቅም» አሉ። በዚህም ሳያበቁ ስባሪው ላይ ቆመው «እጅህ ይባረክ፣ ልጄ» ብለው መረቁት። እኔስ? የኔ እጅ?

ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል ነውና፣ እናቱን የዘጋባቸው ሰው ከሳሽ ሆኖ መጣ። «ይቅርታ ጠይቃ ሴራሚኩን በእጇ እስክትመልስ ቤቴ አትገባም» በማለቱ ትናንት እህቴ ቤት አድሬአለሁ። አማቴ «ስበሪው» ማለታቸውን ካላመኑ እኔ በገዛ ቤቴ ንብረት አጥፊ ሆኜ መከሰሴ ነው። ቃሌን ለማመሳከር ተጠርተው ይኸው አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ቀና ብለው ግን አያዩኝም።

ይህ ቃሌ ተነቦልኛል። የጎደለበት የለም፣ የተጨመረበትም የለም። ከሴራሚኩ በስተቀር የሰበርኩት ነገር የለም፤ ከዚህ የተለየ ነገር ቢገኝብኝ ሕግ ይጠይቀኝ።

ከመፈረሙ በፊት በመርማሪው የተጨመረ፦

እናትየው «ስበሪ ብለዋታል?» ተብለው ሲጠየቁ «አላስታውስም» ብለዋል። ከዚህ በኋላ መርማሪው መዝገቡን ለኃላፊው ለማሳየት ሊወጣ በሩን ቢስበው አልተከፈተም፤ ቢገፋውም አልተከፈተም። ከውጭ የአመልካቹ ድምፅ «አይነካ! ማጠፊያውን ወደ ሌላው ጎን አዙሬዋለሁ፤ እንዴት ጥብቅ እንዳለ አያችሁ?» ሲል ተሰምቷል። ክፍሉ መስኮት የለውም። መድኃኒት የያዘው የእናትየው ቦርሳ ውጭ፣ በልጃቸው እጅ መሆኑም በዚሁ ጊዜ ታውቋል። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነበር። መርማሪው በቀኝ ትከሻው ሞክሯል፤ ትከሻው ታምሟል።

እናትየው ከመቀመጫቸው ተነሥተው ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መዶሻ ለምራታቸው በማቀበል የሚከተለውን ተናግረዋል፦ «በይ ልጄ፣ ስበሪው። እንደ ትናንቱ።»

መርማሪው ይህንን በጆሮው ሰምቶ መዝግቧል።

የቃል ሰጪዋ ፊርማ፦ ተፈርሟል
የእናትየው ፊርማ፦ ተፈርሟል
የመርማሪው ፊርማ፦ በግራ እጅ ተፈርሟል

ኤግዚቢት፦ መዶሻ አንድ። ለጊዜው ለቃል ሰጪዋ ተመልሷል።