የመርፌ አያያዝ

የልጄ የዘይነባ አስተማሪ «እናትሽን አምጪ» ብለው ሲልኩብኝ፣ በቃ አባረሯት ብዬ መርፌዬን ጥዬ ተነሳሁ። የደቻቱን ወንዝ እንዴት እንደተሻገርኩ አላውቅም። አስተማሪው ልጆቹ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ ተቀብለውኝ፣ «ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ችግሩ አጻጻፏ ነው። ብዕሩን ጫፉ ላይ ቆንጥራ ትይዛለች፣ ጎብጣ አፍንጫዋን ደብተሩ ላይ ትደፋለች፣ ምላሷንም ታወጣለች። ዓይኗም ወገቧም መበላሸቱ ነው። ቤት የሚያስጽፋት ማነው?» አሉኝ።

የማስጽፋት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ ኮፊያ ጠልፌ የማድር ሰው ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ነው፣ እጄ የሚያውቀው መርፌ ብቻ ነው። ያልተማረች ምን ታስተምራለች እንዳይሉኝ ፈራሁና፣ «አቦ ጌታዬ፣ ከቤት አይደለም! ከዚች አጠገቧ ከምትቀመጠው ልጅ ለምዳ ነው» ብዬ ክጄ አረፍኩት።

«እንግዲያው መምጣትዎን እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» ብለው ብዕርና መዝገብ ሰጡኝ። ስሜ እንዳይጣመምብኝ ተጠንቅቄ፣ ቀስ ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ ዘይነባ ከወንበሯ ሆና፣ «እማ! ምላስሽን አስገቢ!» አለችኝ።

ለካ አፍንጫዬ መዝገቡን ሊነካ ምንም አልቀረው! ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ፤ አስተማሪው ፊታቸውን ወደ ሰሌዳው አዞሩ፣ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። እኔ መግቢያ ቀዳዳ ሳጣ፣ ያቺ በሐሰት የወነጀልኳት ልጅ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝና ጣቶቼን አንድ በአንድ ብዕሩ ላይ እያስተካከለች፣ «እትዬ፣ እንዲህ ነው የሚያዘው» አለችኝ።