ድምፅ ተራ አይጠብቅም

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ውስጥ የኔታ ፍቅረ ሥላሴን ሳላስበው አገኘኋቸው። ይጁቤ አካባቢ ዜማ የሚያስተምሩ አዛውንት ናቸው። ለጉሮሮ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሊሄዱ አውቶቡሱ እስኪሞላ ይጠብቃሉ። ድምፃቸው ላይመለስ እንደሚችል ሐኪሙ ነግሯቸዋል፤ ከመምህራቸው በቃል የተቀበሉትን አንድ ዜማ ደግሞ ከእሳቸው ሌላ የሚያውቀው የለም።

«ያቺ ማሽንሽ ዜማዬን በላችው!» አሉኝ፣ ጉልበታቸውን ስሜ ቀና ሳልል። «እንደ አይጥ ቆራረጠችው!»

እውነታቸውን ነው። ባለፈው ራሴ በሠራሁት የመቅጃ ፕሮግራም ስቀዳቸው፣ ድምፅ የሚቀበለውን ክፍል ከሌሎች ሥራዎች ላስቀድም ብል «በእኔ ጉባኤ ተራ ይጠበቃል፤ ማንም ማንንም አይቀድምም» ብለው ከለከሉኝ። የኔታን ማን ይሟገታል? እሺ አልኩ፤ ቅጂውም ተቆራረጠ። ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

«የኔታ፣ ላፕቶፑን ይዤዋለሁ። አንድ ጊዜ ይድገሙልኝ። ድምፁ ይቅደም።»

«ደግሞ ማስቀደም! ሌሎቹ ምን በደሉ?»

«ሌሎቹ ቢጠብቁ የሚጎድልባቸው የለም። ስክሪኑ ትንሽ ቢዘገይ፣ ቫይረስ ፈላጊው ቆይቶ ቢፈልግ ምንም አይደል። ድምፁ ግን ትንሽ ጣሳ ላይ እንደሚንቆረቆር ውሃ ነው፤ ሳይሞላ ካልገለበጡለት ይፈስሳል።»

«መቅደም የለመደስ ሌላውን ቢረግጥ?»

ጥያቄያቸው የዋዛ አልነበረም። ሥራውን ሁሉ በቀዳሚው ላይ የጫነ ሰው ኮምፒውተሩን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል።

«ለዚህ ነው የቀዳሚውን ሥራ ያሳነስኩት፣ የኔታ። የመጣውን ድምፅ ተቀብሎ ወዲያው ይለቃል። ዲስክ ላይ መጻፉን ተራ ለሚጠብቁት ይተውላቸዋል።»

የአውቶቡሱ ረዳት «አዲስ አበባ! ሁለት ሰው የቀረው!» እያለ ይጮሃል። ላፕቶፑን ከቦርሳዬ አወጣሁ።

«እርስዎ ለአንዱ ተማሪ ቃል ሲነግሩ ሌላው መጥቶ ቢጠይቅዎ ይመልሱለታል?»

«በምን አንደበቴ! ያ ልጅ እኮ ከአፌ የወጣውን እዚያው ካልተቀበለ…»

ላፕቶፑን አተኩረው አዩት።

«ክፈቻት» አሉ።

ከትኬት ቢሮው ጀርባ ቆመው ጀመሩ። ዜማው ሊያልቅ ሲል ረዳቱ እየሮጠ መጣ። «አባ፣ ሞልቷል፤ ይግቡ!» የኔታ ዜማውን ሳያቋርጡ መቋሚያቸውን ደረቱ ላይ ደገኑበት። ሲጨርሱ፣

«አንተ መጠበቅ ትችላለህ» አሉት።

መልሰን ሰማነው። የረዳቱ ጩኸት ሳይቀር ገብቷል፤ ዜማው ግን አንድም ቦታ አልተቆረጠም። የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «እንግዲያስ ይቅደም» ብለው ተሳፈሩ።

ድምፃቸው አልተመለሰም። ዛሬ ተማሪዎቻቸው ያንን ዜማ ከቅጂው እየሰሙ ይቀጽላሉ፤ እሳቸውም አጠገባቸው ተቀምጠው፣ ልጆቹ ሲስቱ መሬቱን በመቋሚያ ይመታሉ። መጠበቅ የሚችለውን ከማይችለው መለየት ያተረፈልን ይህንን ነው። «አባ፣ ሞልቷል» የሚለው ቦታ ሲደርስ ግን ልጆቹ ይስቃሉ፤ የኔታም ያለ ድምፅ አብረዋቸው ይስቃሉ።