ቴስተሩ እኔን ሲያነብ

እናንተዬ፣ የእህቴ ልጅ ፀዳ ሬዲዮ የምትጠግንበት ሱቅ ገባሁላችሁ። ኤሌክትሪክ የሚለካውን ቴስተር ከኮምፒውተር አገናኝታዋለች፤ የሚያነበው ሁሉ ስክሪኑ ላይ መስመር ሆኖ ይሄዳል። «እኔ በፊደል ስደናቀፍ ይኸ እንዲህ ያነባል?» ብዬ ሳቅሁ።

«ነይ አክስቴ፣ አንቺንም ያነብሻል» ብላ ከቴስተሩ ሽቦዎች ጫፍ ካሉት ሁለት መርፌዎች አንዱን አስያዘችኝ፤ ሌላውን እሷ ያዘች። መስመር የለም! «ምነው፣ ጠላኝ?» ብላት፣ «ኤሌክትሪኩ በሁለታችን እንዲያልፍ ሌላውን እጅሽን ስጭኝ» አለች። እጅ ለእጅ ስንያያዝ መስመሩ ብድግ አለ፤ እልል አልሁ። ለካ ባሌን ከቀበርሁ ወዲህ እንዲህ እጄን ይዞኝ የቆየ ሰው የለም።

«በይ ልቀቂኝ፣ ሥራ አለብኝ» አለች። «ከለቀቅሁሽማ ይጠፋል!» አልኋት እየሳቅሁ። ዓይኔን አየችውና መርፌዋን አስቀመጠች። መስመሩ ጠፋ፤ እጄን ግን አልለቀቀችም።